ስለ ኒያማታ ቤተ ክርስቲያንና ሊያይዋት ስለሚሄዱ ሰዎች

ከሩዋንዳ ዋና ከተማ ከኪጋሊ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ብዙ ሳይርቅ ኒያባሮንጎ በሚባለው ወንዝ ድልድይ ላይ ያልፋል። ወንዙ ቀይ አፈር የተቀላቀለበት፥ ሲያዩት የማይንቀሳቀስ የሚመስል ውሃ ነው። ከዚያ ወርዶ ከአካጌራ ጋራ ይገናኛል፤ አካጌራም ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁም ነጭ ዓባይ ይወጣል። ነጭ ዓባይም ካርቱም ላይ ከጣና ከሚመጣው ዓባይ ጋራ አንድ ስለሚሆን፥ የኢትዮጵያ ሰው በዚያ ድልድይ ላይ ሲያልፍ ውሃውን ፈጽሞ ባዕድ ነው ሊለው አይችልም። የአገሩ ተወላጅ የሆነ መሪ በድልድዩ አጠገብ መኪናውን ቢያስቆም ግን የሚያስቆመው ስለ ውሃው መልክ ለመናገር አይደለም።

ኅዳር 13 ቀን 1985 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ሩዋንዳ በካባያ፥ ሊዮን ሙጌሴራ የተባለ የገዢው ፓርቲ ሰው በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆሞ የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ እንደ ሆነች፥ ወደዚያም ቶሎ እንዲደርሱ በኒያባሮንጎ በኩል መሰደድ እንዳለባቸው ተናገረ። የሰማው ሕዝብ ነገሩ ምን ማለት እንደ ሆነ አላጣውም፤ በወንዙ ላይ ጀልባ አይሄድበትምና። ሙጌሴራ ወደ ካናዳ ሸሽቶ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ ተላከ፤ በ2008 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ነገሩ ግን ከእርሱ አልተጀመረም። የነጭ ዓባይን ምንጭ ፍለጋ የዞረው እንግሊዛዊው ጆን ስፒክ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የሚገዙት ከብት አርቢዎች ከሐበሻ ምድር የፈለሱ ናቸው ብሎ ጻፈ። ማስረጃው የፊታቸውና የቁመታቸው መልክ ነበረ፤ ሌላ ይህ ነው የሚባል አልነበረውም። ከእርሱ በኋላ የመጡት አውሮፓውያን ገዢዎች፥ ሚሲዮናውያንም ጭምር፥ ግምቱን እንደ ተፈተነ ታሪክ ተቀብለው አስተማሩት። የቤልጅግ መንግሥትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው ሁቱ፥ ቱትሲ ወይም ትዋ የሚል የማንነት ወረቀት ሰጠ። ሕዝቡ አንድ ቋንቋ የሚናገር፥ በአንድ ኮረብታ ላይ ጎረቤት ሆኖ የሚኖር፥ እርስ በርሱ የሚጋባ ሕዝብ ነበረ። መጀመሪያ ቱትሲዎችን ከፍ ለማድረግ የተነገረው ተረት በኋላ በገዛ አገራቸው መጤ አደረጋቸው፤ የኢትዮጵያም ስም፥ ኢትዮጵያውያን ሳያውቁት፥ ሰውን ከአገሩ ማባረሪያ ሆነ።

ከንግግሩ በኋላ ዓመት ከአምስት ወር ሳይሞላ የተባለው በግብር ተፈጸመ። በወንዙ የተጣሉት ሰዎች ሬሳ በአካጌራ በኩል ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ፤ የኡጋንዳ ዳርቻ ነዋሪዎችም እያወጡ ቀበሩት። በዚያም በካሴንሴሮ፥ በላምቡና በጎሎ እስከ ዛሬ የመታሰቢያ መቃብሮች አሉ። ወደ ኢትዮጵያ የደረሰ አንድም አልነበረም። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ወደ ሩዋንዳ ዘልቀዋል፤ እነርሱም የደረሱት እልቂቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ከድልድዩ ማዶ ያለው አገር ቡጌሴራ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ በተነሣው ሁከት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ቱትሲዎች ወደዚህ ተጋዙ። ያን ጊዜ ቡጌሴራ ረግረግና ዱር፥ የገንዲ ዝንብ የሞላበት ምድር ነበረና ያጋዟቸው ሰዎች ኑሮ ይቀናቸዋል ብለው አላሰቡም። ተጋዦቹ ግን ዱሩን መንጥረው አረሱ፥ ከብት አረቡ፥ ልጆቻቸውን አስተማሩ፤ በኒያማታም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ሁከት በተነሣ ቁጥር ወደ ቤተ ክርስቲያን መሸሽ የሕዝቡ ልማድ ሆነ፤ ወደዚያ የገባውም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፍ ነበር። ገዳዩ ከደጁ ደርሶ ይመለሳል፤ ካህኑም በሩን ይዘጋል። ይህ ለኢትዮጵያ ካህናት እንግዳ ነገር አይደለም። ከነገሥታት ቁጣ የሸሸ ሰው አክሱም ጽዮን ወይም ከገዳም ገብቶ ሲማጸን እንዳይነካ ያዘዘው ሥርዓት በእነርሱም ዘንድ ሲከበር የኖረ ነው።

በ1984 ዓ.ም. በቡጌሴራ ግድያ በተነሣ ጊዜ አንቶኒያ ሎካቴሊ የምትባል፥ በኒያማታ ብዙ ዘመን ያስተማረች ኢጣሊያዊት፥ ለውጭ አገር ራዲዮ በስልክ ተናገረች። ይህ የሕዝብ ቁጣ አይደለም፥ በመንግሥት ሰዎች የተሰናዳ ነው ብላ መሰከረች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በጥይት ተገደለች። በዚያ ጊዜም ብዙ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ተጠግተው ተረፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ሕዝብ ወደዚያው ደጅ የተመለሰው ስለዚህ ነው። በደጁ አምኖ መጣ፤ ገዳዮቹም ወዴት እንደሚሸሽ ያውቁ ነበርና አንድ በአንድ ከመፈለግ ዳኑ።

የሩዋንዳ ካቶሊካውያን በዚያ ዓመት ፋሲካን ያከበሩት መጋቢት 25 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ፕሬዚዳንቱ ያሉበት አይሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ በማግሥቱ መጋቢት 29 ቀን እልቂቱ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቀን የጌታን ፅንሰትና ጥንተ ትንሣኤውን ታስባለች፤ ሩዋንዳም በየዓመቱ በዚያው ቀን የሙታንዋን መታሰቢያ ትጀምራለች። በኒያማታ በሚያዝያ መጀመሪያ ወታደሮችና ኢንተርሃምዌ የተባሉት ጭፍሮች የብረቱን በር በቦምብ ሰብረው ገቡ። በቤተ ክርስቲያኑና በግቢው 10,000 ያህል ሰው አለቀ ይባላል። በኋላ ከአካባቢው ተሰብስቦ የመጣው አጽም ተጨምሮበት ዛሬ ከ45,000 የሚበልጥ ሰው በዚያ ዐርፏል። በአገሩ ሁሉ በ100 ቀን ውስጥ የሞተውን የተባበሩት መንግሥታት ከ800,000 በላይ፥ የሩዋንዳ መንግሥት ደግሞ ከ1,000,000 በላይ ያደርጉታል።

ሥፍራው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ የአገር መታሰቢያ ሆኖ ይጠበቃል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከጊሶዚ፥ ከሙራምቢና ከቢሴሴሮ ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ለሚመጣው እንግዳ የሚያሳዩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ በሩዋንዳ እንዲህ ባሉት ሥፍራዎች ከሚመሩት መካከል ከእልቂቱ የተረፉ አሉ። እንግዲህ እንግዳው ሊያስብበት የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ምክንያቱም በሌላ አገር ቤተ መዘክር መሪ ሲባል ያነበበውን የሚናገር ሰው ነው፤ በዚህ ግን የሚናገረው ሰው የእናቱ አጽም ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ሳያውቅ በመደርደሪያዎቹ መካከል እያለፈ የሚመራ ሊሆን ይችላል።

መሪው በውስጥ ፎቶግራፍ እንደማይነሣ አስቀድሞ ይናገራል። በሩ ተሰብሮ እንደ ነበረ ይታያል። ከቆርቆሮው ጣራ ላይ ጥይትና የቦምብ ስብርባሪ በበሳው ቀዳዳ ፀሓይ ነጠብጣብ እየሆነች ትገባለች። የሟቾቹ ልብስ በመቀመጫዎቹ ላይ ተከምሯል፤ የሕፃን ቀሚስ፥ የሽማግሌ ኮት፥ የሠርግ የሚመስል ነጭ ልብስ፥ ሁሉም አንድ ዓይነት አፈርማ መልክ ይዟል። በመንበሩ ላይ ደም የነካው ልብሰ ታቦት እንዳለ ነው፤ በላዩም መቁጠሪያና ዘር የተጻፈባቸው የማንነት ወረቀቶች ተቀምጠዋል። ከኋላ በኩል በደረጃ ሲወርዱ የራስ ቅልና አጥንት በየመደርደሪያው ተደርድሯል። መሪው እዚያ ጥቂት ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ዝም ባለ ጊዜ ዝምታውን በጥያቄ የሚሞላ እንግዳ አለ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከመጨነቅ የሚመጣ እንጂ ከክፋት አይደለም፤ ቢሆንም መተው ያለበት ነው።

መሪውን ከየትኛው ወገን ነህ፥ እንዴትስ ተረፍህ ብሎ መጠየቅም አይገባም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው የተገደለበት ጥያቄ ነው፤ የማንነት ወረቀቱም የተጻፈው ለእርሱ መልስ እንዲሆን ነበር። ሁለተኛው ግን መሪው ከወደደ ራሱ የሚናገረው ነው፤ ከተናገረም እንግዳው ሰምቶ መያዝ ብቻ ነው ያለበት። የኢትዮጵያ ሰው በዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለበት። ደብረ ሊባኖስን ያስታውሳል፤ ኢጣሊያኖች በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱን ከገዳማቸው አውጥተው መፍጀታቸውን፥ በራሳቸው ቴሌግራም ብቻ 297 መነኮሳት መገደላቸው መጻፉን ሊነግር ይፈልጋል። ነገሩ እውነት ነው፥ ለኀዘንም የተገባ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ልቅሶ ቤት የራስን ሙታን ማንሣት ከማጽናናት አይቆጠርም። ደግሞም ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወደ ደብረ ሊባኖስ የመጣው ገዳይ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጠላት ነበረ። ወደ ኒያማታ ከመጡት ብዙዎቹ ግን በዚያው ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁ፥ በዚያው መቀመጫ ላይ የተንበረከኩ ጎረቤቶች ነበሩ።

ካህን ሆኖ ለሚሄድ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ካህን አጽም ባየ ጊዜ ፍትሐት ማድረስ፥ ቢያንስ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ልማዱ ነው። በዚህ ሥፍራ ግን ድምፁን ከማንሣቱ በፊት መሪውን ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል። ከተረፉት መካከል ከዚያ ወዲህ ወደ ቅዳሴ ያልተመለሱ አሉ፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። በኒያንጌ ደብር ከተጠጉት ሰዎች 1,500 ያህሉ በውስጡ ሳሉ ቤተ ክርስቲያኑ ሚያዝያ 8 ቀን 1986 ዓ.ም. በትራክተር ፈርሶባቸዋል። የደብሩ ቄስ አታናዝ ሴሮምባ በዚህ ወንጀል ተካፋይ ሆኖ በመገኘቱ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል። የሮማው ጳጳስ ፍራንቸስኮስ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱና ስለ ልጆችዋ ኃጢአት የእግዚአብሔርን ይቅርታ ለምነዋል፤ ይህም ከእልቂቱ በኋላ በ23ኛው ዓመት ነው።

በዚያው ወር በጊሴኒ ፌሊሲታስ ኒዪቴጌካ የተባለች፥ ራስዋን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የለየች ሁቱ፥ ቱትሲዎችን በቤትዋ ሸሽጋ ነበር። የጦር መኮንን የነበረው ወንድምዋ ትታቸው ራስዋን እንድታድን ላከባት፤ እርስዋም ከእነርሱ ጋራ መሞትን እንደ መረጠች ጻፈችለት። አብረዋት ከነበሩት ጋራ ተገደለች። ዛሬ በሩዋንዳ ከአገሪቱ ጀግኖች ጋራ ትቆጠራለች። ካህን ወደ ኒያማታ ሲሄድ ሁለቱንም ስሞች፥ የእርስዋንና የሴሮምባን፥ አብሮ ይዞ መሄድ አለበት፤ አንዱን በሌላው መሸፈን ግን አይችልም።

ስለ ሕንፃው ክርክር ነበረ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕንፃው ታጥቦና ተባርኮ ለቅዳሴ እንዲመለስላት፥ አጽሙም ወደ መሬት እንዲገባ ወደደች። የአገሩ መንግሥትና ከተረፉት ብዙዎቹ ግን እንዳለ ይቆይ አሉ፤ የካዱ ሰዎች በተነሡ ጊዜ የሚያሳዩት ይህንኑ ነውና። አፈር ያልቀመሰ አጽም ማየት ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ያስጨንቀዋል፤ የመጀመሪያውንም ወገን ለመደገፍ ልቡ ያዘነብላል። ዳሩ ግን ሬሳ በወንዝ እየሰደዱ ምስክር ለማጥፋት በተሞከረበት አገር አጽሙ ራሱ ምስክር ሆኖ መቆሙን የሚነቅፍ ሰው በድልድዩ ላይ የሰማውን ረስቶታል ማለት ነው። በኒያማታ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያው አቅራቢያ ተሠርቶ ሕዝቡ ይቀድስበታል።

እንግዳው ጉብኝቱን ጨርሶ ሲወጣ በግቢው ውስጥ አንድ መቃብር ያገኛል። የአንቶኒያ ሎካቴሊ ነው።