የማይታዩት መምህራንና የሚታየው ወንበር

የቴዎሶፊ ማኅበር በ1875 ኒውዮርክ ውስጥ ሲቋቋም (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሥልጣን ከሁለት ምንጭ ይቀዳ ነበር። አንዱ ደንቡና ፕሬዚዳንቱ ኮሎኔል ሄንሪ ስቲል ኦልኮት ነው። ሌላው ከመሥራቾቹ አንዷ በሆነችው በሄሌና ብላቫትስኪ ዙሪያ ይታይ የነበረው፣ በስውር የሚኖሩ መምህራን ላኩት የተባለ ደብዳቤ ነው። ማኅበሩ በዘር፣ በሃይማኖትና በቀለም ሳይለይ ሰውን ሁሉ እንደ ወንድም የማየት ዓላማ ነበረው። ይሁን እንጂ «ማን ይምራ?» በተባለ ቁጥር መልሱ የሚፈለገው ከተዘጋው ክፍል ነበር።

ብላቫትስኪ በ1891 ለንደን ውስጥ ስትሞት ውርሱ ሁለቱን የማኅበሩን መሪዎች፣ አኒ ቤዛንትንና አሜሪካ ያለውን ዊልያም ጀጅን፣ አፋጠጠ። ጀጅ «በማሃትማዎቹ»፣ ማለትም በስውሮቹ መምህራን፣ ስምና የእጅ ጽሑፍ አላግባብ ተጠቅሟል ተብሎ ተከሰሰ። ጁላይ 1894 ለንደን ላይ የተሰበሰበው የዳኝነት ጉባኤ ግን ማስረጃውን ሳይመረምር ተነሣ። ለመፍረድ ማሃትማዎቹ መኖር አለመኖራቸውን መወሰን ግድ ይላል፤ ማኅበሩ ደግሞ በማንም ላይ እምነት አይጭንም አለ። ውሳኔው የኅሊና ነጻነትን ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የእምነት ነጻነት ሌላ፣ የእጅ ጽሑፍ ምርመራ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው መለያየት ሁሉ፣ እንደ እኔ፣ ሥሩ እዚህ ነው። ወራት ሳይቆይ ዌስትሚኒስተር ጋዜት የተባለው የለንደን ጋዜጣ ሰነዶቹን ከአንድ የውስጥ ሰው አግኝቶ በተከታታይ አወጣቸው፤ አባላቱም የቤታቸውን ገበና ከጋዜጣ አነበቡ። ኤፕሪል 1895 ቦስተን ላይ አሜሪካኖቹ ጀጅን የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት አድርገው ተለዩ።

ጀጅ በዓመቱ ሞተ። ካተሪን ቲንግሊ ወራሹ ናት የተባለውም እሱ በግል ትቷቸዋል በተባሉ ወረቀቶች ነው። በ1898 ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልላ ያዘች፤ ካሊፎርኒያ፣ ፖይንት ሎማ ላይም መንደር መሠረተች። ከእሷ የተለየው ሮበርት ክሮዝቢ በ1909 ሎስ አንጀለስ ያቋቋመው ኅብረት መሪ የሚባል ሹም የለውም፤ ጽሑፎቹም ያለ ጸሐፊ ስም ይወጣሉ። ከተቃጠለ ቤት የወጣ ሰው ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ሕንድ ውስጥ ማድራስ አጠገብ በአድያር የቀረው ዋናው ማኅበርም አልዳነ። በ1907 ኦልኮት ሲያጣጥር ማሃትማዎቹ አልጋው አጠገብ ቆመው ቤዛንትን እንዲሾም እንደነገሩት ተወራ። አባላቱ ድምፅ ሰጡ፤ ቤዛንትም ተመረጠች፤ ግን ከማይታይ መምህር ጋር ማን ይወዳደራል? በ1911 ሊመጣ ላለው የዓለም መምህር የኮከብ ማኅበር ተቋቋመ፤ መምህሩ ይገለጥበታል የተባለው ወጣቱ ክሪሽናሙርቲም የማኅበሩ መሪ ሆነ። ይህን ያልተቀበለው ሩዶልፍ ሽታይነር ከጀርመን ተከታዮቹ ጋር ወጥቶ የራሱን ማኅበር መሠረተ።

ኦገስት 3 ቀን 1929 ኦመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ክሪሽናሙርቲ 3 ሺህ ያህል ተከታዮቹ ፊት ቆመ። ቤዛንትም እዚያው ነበረች። ያን ቀን የኮከቡን ማኅበር አፈረሰ፤ ለማኅበሩ የተሰጠው ርስትም ወደ ሰጪዎቹ ተመለሰ።