ስለ ተጫዋቾች ምኞትና ስለ ጌም ሠሪነት ሙያ

«ቀጥሎ ምን ዓይነት ጌም ቢሠሩልን ይሻላል?» የሚለው ክርክር በፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን ከሚጠብቁ ልጆች ዘወትር የሚሰማ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ጉዳዩን የዛሬ ልጆች ወግ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ የሙያውን ታሪክ ከመሠረቱ የመረመረ ግን፣ ይህ ምኞት ከሙያው በልደት የሚቀድም ታላቅ ወንድሙ መሆኑን ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ ጌም ሠሪዎች ራሳቸው ተጫዋቾች ነበሩና፣ የደከሙትም ለገዛ ምኞታቸው እንጂ ለገበያ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1961 ዓ.ም. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው ኩባንያ ፒዲፒ-1 የሚባለውን ኮምፒዩተር ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሰጠ ጊዜ፣ ዋጋው 120 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ያህል የነበረው ይህ መሣሪያ ለሒሳብና ለምርምር የታሰበ ነበር። ስቲቭ ራስል፣ ማርቲን ግሬትዝና ዌይን ዊተነን የተባሉት ወጣቶች ግን፣ የጠፈር ጦርነት ልብ ወለዶችን አብዝተው ያነቡ ነበርና፣ ክብ የሆነውን የኮምፒዩተሩን መስታወት ባዩ ጊዜ፣ ሁለት መርከቦች በሕዋ ውስጥ የሚዋጉበትን ጨዋታ ተመኙ። ራስል ሥራውን ዛሬ ነገ እያለ ቢያቈየው፣ ጓደኛው አላን ኮቶክ የጎደለውን የሳይንና የኮሳይን ስሌት ከኩባንያው ድረስ ሄዶ በወረቀት ጥቅልል አምጥቶ ሰጠውና ማመካኛ አሳጣው፤ በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያም ስፔስዋር የተባለው ጨዋታ ተሠራ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ሙያ ሁሉ መቅድም ነው። ራስል ከመርከቦቹ በስተኋላ ያኖራቸው ከዋክብት እንዲያው እንደ ነገሩ የተረጩ ነጠብጣቦች ነበሩ። ፒተር ሳምሰን የተባለው ተማሪ ይህን ባየ ጊዜ ደስ አላለውም፤ ሰማይ እንዲህ ያለ አይደለምና። ስለዚህ ከዋክብትን እያንዳንዳቸውን በየሥፍራቸው አስቀምጦ፣ ብሩሁን በብርሃኑ መጠን፣ ደብዛዛውንም በድብዛዜው መጠን አስተካክሎ፣ እውነተኛውን ሰማይ በዚያ ትንሽ መስታወት ላይ ዘረጋው። ዳን ኤድዋርድስ ደግሞ መርከቦቹ ምንም ሳይስባቸው መንሳፈፋቸው ስላልጣመው፣ በመካከል ፀሐይ አቁሞ፣ የቀረባትን ሁሉ ወደ ራሷ ስባ እንድታጠፋ አደረጋት። በማሽኑ ማብሪያና ማጥፊያ እየተጫወቱ ክርናቸው ቢታመም፣ ኮቶክና ሮበርት ሳንደርስ በእጅ የሚያዝ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ሠሩ፤ ዛሬ ልጆቻችን ጆይስቲክ የሚሉት ዕቃ ከቀደምት አባቶቹ አንዱ ይህ ሣጥን ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ኩባንያው ይህን እንዲያደርግለት ተቀምጦ አልጠበቀም፤ የጎደለውን ያየው ዐይንና የሞላው እጅ የአንድ ሰው ነበሩ።

ዘመነ ሳንቲም ሲመጣ ይህ አንድነት ተከፈለ። ስፔስዋርን ያውቅ የነበረው ኖላን ቡሽኔል በ1971 ዓ.ም. ኮምፒዩተር ስፔስ የተባለውን፣ በሳንቲም የሚሠራ ማሽን ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. አታሪ የተባለውን ኩባንያ ከባልንጀራው ጋር አቋቋመ። በዚያው ዓመት አለን አልኮርን የሠራውን ፖንግ የተባለ ጨዋታ፣ በካሊፎርኒያ ሰኒቬል ከተማ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ቢያስቀምጡት፣ ጥቂት ቀን ሠርቶ ቆመ። ተበላሸ ተብሎ ቢከፈት፣ ያቆመው የሳንቲሙ መብዛት ሆኖ ተገኘ። ይህ ታሪክ እንደ ምሥራች ሲነገር ይኖራል፤ ለነጋዴው ምሥራች መሆኑም አይካድም። ተጫዋቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፈቃዱን የሚገልጥበት ቋንቋ ሳንቲሙ ብቻ ሆነ፤ «ይህን ወደድሁ» ለማለት ይከፍላል፣ «ያንን እመኝ ነበር» ለማለት ግን አፍ የለውም።

የዚህም ፍሬ በ1982 ዓ.ም. ታየ። ኩባንያው በዚያ ዓመት ዝነኛ የነበረውን ኢ.ቲ. የተባለውን ፊልም ወደ ጨዋታ ለመለወጥ መብቱን ገዝቶ፣ ለገና ገበያ ይድረስ በማለት ለሠሪው ለሀዋርድ ስኮት ዋርሾ የሰጠው ጊዜ 5 ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ጨዋታው ባይወደድም፣ ሰውየው ከዚያ በፊት የተወደደ ሥራ የሠራ ባለሙያ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው፤ የጠፋው ሌላ ነገር ነበር፤ ተጫዋቹ ምን እንደሚመኝ የጠየቀ አልነበረም። ያልተሸጠው ዕቃ በ1983 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ በአላሞጎርዶ ከተማ የቈሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀበረ፤ በ2014 ዓ.ም. ተቈፍሮ ሲወጣም ሳጥኖቹ ከነሥዕላቸው ተገኙ።

ተጫዋቹን ወደ ቀደመ ክብሩ የመለሰው በ1993 ዓ.ም. የወጣው ዱም የተባለው ጨዋታ ነው። ጆን ካርማክ ዋናውን ፕሮግራም ከሥዕሉ፣ ከድምፁና ከካርታው ለይቶ ስላኖረው፣ ማንም ተጫዋች ፕሮግራሙን ሳያፈርስ በውስጡ አዲስ ዓለም መሥራት ቻለ። የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት የቅኔ ቤት ሥርዓት ይበቃዋል፤ የጉባኤ ቃናም ሆነ የዘአምላኪየ ልኩ ከጥንት የተወሰነ ነው፣ ዜማውንም የሚደፍር የለም፤ ቅኔው ግን ዕለት ዕለት አዲስ ነው፣ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገምም ነውር ነው። ዱም በከፈተው በር ብዙዎች ገቡ። ሚን ሊና ጄስ ክሊፍ በ1999 ዓ.ም. ሃፍ ላይፍ በተባለው ጨዋታ ላይ ተመሥርተው ካውንተር ስትራይክ የተባለውን ቢሠሩ፣ የሃፍ ላይፍ ባለቤት የሆነው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ሠሪዎቹን ከመክሰስ ይልቅ ወደ ቤቱ አስገባቸው፤ ዶታ የተባለው ጨዋታም ዋርክራፍት 3 ከተባለው ጨዋታ ካርታ መሥሪያ በተጫዋቾች እጅ በ2003 ዓ.ም. ተወለደ።

ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ እኛን የሚነካው የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ታሪክ ነው። ኤንሴምብል ስቱዲዮስ ይህን ጨዋታ በ1999 ዓ.ም. ሲያወጣ 13 ሕዝቦች ነበሩበት፤ በማግስቱ ዓመት 5 ተጨመሩ፤ ከ18ቱ መካከል ግን ከሰሐራ በታች ያለ አንድም የአፍሪካ ሕዝብ አልነበረም። ጃፓኑ ሳሙራዩን፣ ሞንጎሉም ፈረሰኛውን እያየ ሲደሰት፣ የዓለምን ታሪክ እጫወታለሁ ብሎ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ልጅ የሌላውን ሰው አያት ይዞ ይዋጋ ነበር። ስቱዲዮው በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ተጫዋቾቹ ግን አልተበተኑም። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ወዳጆቹ በመረብ እየተገናኙ፣ የተረሱ ሕዝቦች እንዲገቡ ያላቸውን ምኞት በገዛ እጃቸው ፈጽመው፣ በ2012 ዓ.ም. ተጨማሪውን ክፍል በነጻ አደሉት፤ በማግስቱ ዓመት ባለመብቱ ማይክሮሶፍት ሥራውን የራሱ አድርጎ አወጣው። በ2015 ዓ.ም. እነዚሁ ሰዎች አፍሪካን ኪንግደምስ የተባለውን ክፍል ሲሠሩ፣ ከማሊና ከበርበር ጋር ኢትዮጵያ ገባች።

ያን ጨዋታ የከፈተ ሰው ማውዙን በአንድ ገበሬ ላይ ቢጫን፣ ገበሬው በአማርኛ ይመልስለታል፤ ሾተል የታጠቀውን ወታደር ቢያዝዘው እርሱም በአማርኛ ይታዘዛል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ የአገራችን ልጅ እጁን ከማውዙ ላይ አንሥቶ ዝም ቢል አይፈረድበትም። የዘመቻው ታሪክ የዮዲት ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አክሱምን ያፈረሰች፣ አብያተ ክርስቲያናትንም ያቃጠለች ብሎ የሚያስባት ይህች ሴት፣ በጨዋታው ከስደቷ ጀምሮ እስከ መመለሷ ድረስ ተጫዋቹ የሚቆምላት ባለታሪክ ሆናለች። ሠሪዎቹን በዚህ አልነቅፋቸውም፤ የወደዱትን በፍቅር ሠርተዋልና። ነገር ግን ታሪካችን በማን ወገን ሆኖ እንደሚነገር የወሰነው መሣሪያውን የያዘው ሰው መሆኑን ልብ ልንለው ይገባል።

መሣሪያውን በገዛ እጅ መያዝ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እረኛ ገበጣ ባሻው ጊዜ መሬቱን ጭሮ ጉድጓዶቹን ይሠራል፣ ጠጠሩንም ከዚያው ይለቅማል፤ ሥርዓቱም ከመንደር መንደር የተለያየ የሆነው ተጫዋቹ ሁሉ እንደ ወደደ ስላበጀው ነው። ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ ጨርሶ አልተቋረጠም፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት ኩኩሉና ገበጣ የተባሉትን የስልክ ጨዋታዎች ሠርቷል። አንድ ሰው ብቻውን ምን ሊሠራ ይችላል የሚል ቢኖር፣ አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን በልጅነቱ ይወደው የነበረው የእርሻ ጨዋታ እንደ ምኞቱ ሆኖ ባያገኘው፣ ሥዕሉንም፣ ዜማውንም፣ ፕሮግራሙንም ብቻውን ከ4 ዓመት በላይ ደክሞ፣ ስታርዲው ቫሊን በ2016 ዓ.ም. አውጥቷል፤ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጧል።

እንግዲህ አንተ ተራህን ጠብቀህ በአግዳሚው ላይ የተቀመጥኸው ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ስለ ዓድዋ፣ ስለ ሲራራ ነጋዴ መንገድ፣ ስለ ላሊበላ ጠራቢዎች ቢሠራ ብላችሁ የምትመኙትን ጨዋታ ዛሬ ማታ በደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ካርታውንም ሣሉት። ጎዶ የተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ዋጋ አይጠየቅበትም፤ መካከለኛ በሆነ ኮምፒዩተርም ይሠራል።