ደንበኛ፣ ምርቃትና ማይል፦ የመንገደኛ ታማኝነት ታሪክ ከኮምቦልቻ ሲታይ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በኮምቦልቻ ከቀረበ የአደባባይ ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ቅናሽ ነው። የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንጂ ስለ ትኬት ዋጋ ሲናገር መስማት ላልለመደ ሰው ርእሱ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ማን በምን ዋጋ እንደ ተጓዘና ማን በመንገዱ ላይ እንደ ቤተኛ እንደ ተቆጠረ ስንጠይቅ፣ አንድ ከተማ በአገሩ ካርታ ላይ ምን ቦታ እንደ ተሰጠው መጠየቃችን ነው።

ከገበያ ልነሣ። ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሻጭ ለደንበኛው ሰፍሮ ወይም መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ትንሽ ይጨምርለታል። «ምርቃት» እንለዋለን። ቃሉ ከቡራኬ ጋር አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ሻጩ ገዢውን በፊቱ ያውቀዋል፤ ገዢውም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሻጭ ዘንድ ቢታይ ያፍራል። አየር መንገዶች «ማይል» የሚሉት ነገር የዚህ ምርቃት የሩቅ ዘመድ ነው፤ ፊትን በካርድ ቁጥር፣ ይሉኝታን በነጥብ ተክቷል።

የማይል ሥርዓት አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱን የአየር ትኬት ዋጋና መስመር የሚወስነው መንግሥት ስለነበር፣ ኩባንያዎቹ በዋጋ ሊሻሙ አይችሉም ነበር። በዚያ ዓመት ቁጥጥሩን የሚያነሣ ሕግ ወጣ፤ ውድድሩም ተጋጋለ። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካን ኤርላይንስ መንገደኞቹን በበረሩት ርቀት ልክ የሚሸልም መርሐ ግብር ዘረጋ፤ ሌሎችም ወዲያው ተከተሉት። ስለዚህ የማይል ካርድ የውድድር ልጅ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከተከተሉት ኩባንያዎች አንዱ ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ፣ በአጭሩ ቲ ደብሊው ኤ ነበር። ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት በአስተዳደርና በሙያ የደገፈው እርሱ ነው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ፤ አውሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ሲ 47 ነበር። ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት በ1963 ዓ.ም. ነው። አስተማሪው ቲ ደብሊው ኤ በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካን ኤርላይንስ ተውጦ ከሰማይ ጠፋ፤ ተማሪው ግን በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. የስታር አሊያንስ አባል ሆነ። ዛሬ በ«ሼባ ማይልስ» ካርድ የተጠራቀመ ማይል በሌሎች አባል ኩባንያዎች ጉዞም ይሠራል።

ወደ ደጃችን እንምጣ። ደሴ በጦሳ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በገደላገደል መካከል የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ለማኮብኮቢያ የሚበቃ ሜዳ የተገኘው ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነው የኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ምሕጻረ ፊደል ግን እስከ ዛሬ ዲ ኤስ ኢ ነው፤ ሜዳው የኮምቦልቻ፣ ስሙ የደሴ። (እዚህ ላይ የምትስቁት ከየትኛው ከተማ እንደ መጣችሁ ይታወቃል።) ወሎ አውሮፕላንን ቀድሞ ያወቀው ግን በመንገደኛነት አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ። ሰማዩ ለብዙ አያቶቻችን በመጀመሪያ ያስተማረው መሸሸግን ነው።

በኋላ ቱሪዝም ሲስፋፋ፣ «ታሪካዊው መስመር» ተብሎ ለጎብኚ የተሸጠው ጉዞ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን አያያዘ። ላሊበላ የወሎ ልጅ ብትሆንም ጎብኚው ከላይ መጥቶ ከላይ ይመለሳል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስንም ሆነ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ሳያይ። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚጎርፈው ምእመን፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚተመው ሕዝብ፣ በአውቶቡስና በእግር ነው የሚጓዘው። በእኔ አስተያየት የአገሪቱ ታማኝ መንገደኛ እርሱ ነው፤ በየዓመቱ ሳያጓድል ይመጣልና። የትኛውም ካርድ ግን አልመዘገበውም።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ ልመለስ። በአገር ውስጥ መደበኛ በረራ ረገድ አየር መንገዳችን ይህ ነው የሚባል ተፎካካሪ ሳይኖረው ኖሯል። ውድድር በሌለበት ቅናሽ ለማን ይሰጣል? በሩቅ ገበያ ለሚሻሙበት ሰው። በዚሁ አየር መንገድ ከውጭ የገባ ጎብኚ የአገር ውስጡን ትኬት በረከሰ ዋጋ እንዲገዛ የተፈቀደበት ልማድ የተወለደው ከዚህ ነው። ስሌቱን አልነቅፍም፤ ጎብኚው ከፍራንክፈርት ወይም ከዋሽንግተን ሲነሣ ሌላ ኩባንያ ሊመርጥ ይችላል፣ ምንዛሪም ያመጣል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ታማሚ እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አማራጩ 370 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የጣርማ በር መንገድ ነው። እርሱን ለማባበል ማንም ማይል አያወጣም። በአዋሽ በኩል ይመጣል የተባለው ባቡር ሐዲዱ ተነጥፎ እንኳ መንገደኛ አላሳፈረም።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የታየኝ በ2014 ዓ.ም. ነው። ከተሞቻችን በጥቅምት መጨረሻ በጦርነቱ ተይዘው፣ በኅዳር መጨረሻ ነጻ ወጡ። በዚያው ሰሞን አንድ ሚሊዮን የዲያስፖራ ወገኖች ለገና አገር ቤት እንዲገቡ ጥሪ ቀረበ፤ አየር መንገዱም ሆቴሎችም ቅናሽ አወጁ። ጥሪው መልካም ነበር፤ በርካቶችም መጡ። ከእነርሱ መካከል ቤተሰቡ እዚህ የሆነ ሰው ውቅያኖሱን በቅናሽ ተሻግሮ የመጨረሻውን ጉዞ በመኪና ጨረሰ፤ ያገኘውም የተዘረፈ ፋብሪካና ባዶ የሆስፒታል ክፍል ነበር።

ስለ ሆቴሎቻችን በአጭሩ ብቻ ልበል። የደሴና የኮምቦልቻ ሆቴል የሚኖረው በጎብኚ ሳይሆን በዐውደ ጥናትና በውሎ አበል ነው። ደንበኝነቱ ከእንግዳው ጋር ሳይሆን እንግዳውን ከላከው መሥሪያ ቤት ጋር ነውና፣ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። እዚህ ላይ ግን ምርቃት አልጠፋም፤ ለደንበኛ የሚታከል ቡና፣ ሳይጠየቅ የሚቆይ ክፍል አለ።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ የመንገደኛው ድምፅ ያስፈልገናል። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የድሮ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሻንጣ ወረቀት፣ የሆቴል ደረሰኝ፣ ወይም በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሥር የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ አምጡልን፤ ቀኑንና የተከፈለውን ዋጋ መዝግበን እንመልስላችኋለን። ያልተጻፈበት ከሆነም ያስታወሱትን አያት ይዛችሁ ኑ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።