ሚዛን የማይናገረው፦ የሰውነት ስብ፣ የሕፃንነት ምግብና የጎንደር የስኳር ሕሙማን ታሪክ

የሰው ክብደት የአጥንት፣ የጡንቻ፣ የውሃና የስብ ድምር ነው። ሚዛን ድምሩን ይናገራል እንጂ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ለረጅም ጊዜ ይህ ጉድለት በጤና ሙያ ውስጥ እንደ ትልቅ ነገር አልተቆጠረም። የወፈረ ሰው ስብ በዝቶበታል፣ የከሳ ሰው ደግሞ ስብ ከሚያመጣው በሽታ ነፃ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ይሁን እንጂ በጎንደር ከተማና በዙሪያው ባሉት ደጋማ ወረዳዎች የታዩት ከሲታ የስኳር ሕሙማን ይህን ግምት አጠያያቂ አድርገውታል። ከእነርሱ የተነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ ባያገኝም፣ የሰውነትን ስብ በምስልና በልዩ መሣሪያ ለይቶ የሚለካው ምርምር ወደ መልሱ እየቀረበ መጥቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕዝብ ጤና ትምህርት በጎንደር

በ1953 በጣና ሐይቅ ዙሪያ በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የተባበሩበት ይህ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠለጠነ። የትምህርቱ መሠረት በሽተኛውን ከሚኖርበት ቤት፣ ከሚጠጣው ውሃና ከሚበላው ምግብ ነጥሎ አለማየት ነበር።

በዚያው ዘመን በስዊድን ድጋፍ በ1962 በአዲስ አበባ የተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ተጨማሪ ምግብም የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያው መሣሪያዎች ሚዛን፣ የቁመት መለኪያና የክንድ ዙሪያ መለኪያ ነበሩ። እነዚህም ያን ጊዜ አጣዳፊ የነበረውን ጥያቄ ለመመለስ በቂ ነበሩ፤ ጥያቄው ሕፃኑ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም የሚል ነበርና። የተረፈው ሕፃን ጎልማሳ ሲሆን ሰውነቱ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ የተነሣው ዘግይቶ ነው።

ያልተጠበቁት ሕሙማን

የመማሪያ መጻሕፍት ሁለት ዓይነት የስኳር ሕሙማንን ያስተምራሉ። አንደኛው ዓይነት በአብዛኛው በልጅነት የሚጀምርና የሰውነት መከላከያ ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ከውፍረትና ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። በጎንደር ሆስፒታልና በገጠር ጤና ጣቢያዎች የታዩት ብዙዎቹ ሕሙማን ግን ከሁለቱም ጋር በትክክል የሚገጥሙ አልነበሩም። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ነበሩ፤ ሆኖም በሽታው የጀመራቸው በአብዛኛው ልጅነትን አልፈው በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዛሉ፤ ከሲታዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው።

ይህ ሥዕል ሊታይ የቻለው አገልግሎቱ ወደ ሕዝቡ በመቅረቡ ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በሰር ኤልድሪድ ፓሪ በ1988 ከተመሠረተው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመተባበር፣ የስኳር ሕክምናን ከሆስፒታሉ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱ። ነርሶችና የጤና መኮንኖች ክትትሉን ያዙ፤ ለኢንሱሊን ሲል ረጅም መንገድ በእግር ይጓዝ የነበረው ሕመምተኛ በቅርቡ መታከም ጀመረ። የየዕለቱ መዝገብ ሲጠራቀምም የምርምር ማስረጃ ሆነ።

በ2009 «ዲያቤቶሎጂያ» በተባለው መጽሔት የወጣው የጎንደር ጥናት በርእሱ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ በምግብ እጥረት ምክንያት የሚመጣ የስኳር በሽታ አለ የሚለው ጉዳይ እንደገና ሊመረመር ይገባል ወይ? ጥያቄው «እንደገና» የሚል ቃል የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታን ራሱን እንደቻለ ክፍል መድቦ ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው በቂ አይደለም በሚል ከዝርዝሩ አወጣው። ስሙ ከዝርዝር ቢወጣም ሕሙማኑ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ አልጠፉም።

በ2010 የጎንደር ሐኪሞች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ሕሙማኑን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረ። በሽታው ከድህነትና ከትምህርት ማነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ወንዶቹ ሕሙማን ክብደታቸው ያነሰ፣ ትከሻቸውና ዳሌያቸው የጠበበ፣ ተቀምጠው ሲለኩም ቁመታቸው ያጠረ ነበር። ኢንሱሊን ያጣ ሰው ክብደቱ በሳምንታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፤ የትከሻ አጥንት ግን በጎልማሳነት አይጠብብም። እንዲህ ያለው ልዩነት አካል በሚገነባበት ዘመን የተጻፈ ምልክት መሆኑ ያመዝናል።

ከሚዛን ወደ ምስል

ሄልስና ባርከር የተባሉት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1992 ባቀረቡት አሳብ መሠረት፣ በማኅፀን ምግብ ያጣ ጽንስ አንጎሉን ለማዳን ሲል ከሌሎች ብልቶቹ፣ ከቆሽትም ጭምር ይቆጥባል፤ የዚያም ዕዳ በጎልማሳነት ይከፈላል። በ2004 ደግሞ ሕንዳዊው ያጅኒክና እንግሊዛዊው ዩድኪን የገዛ ራሳቸውን አካል ለምሳሌ አቀረቡ። የሁለቱም የክብደትና ቁመት ንጽጽር አኃዝ 22.3 ሲሆን፣ የዩድኪን የሰውነት ስብ 9.1 በመቶ፣ የያጅኒክ ግን 21.2 በመቶ ነበር። ሚዛንና ሜትር እኩል ያደረጓቸውን ሰዎች ሁለት ዓይነት ኃይል ያለው ራጅ ለያያቸው።

የማግኔት ምስል ደግሞ ከዚህ ራቅ ብሎ ይሄዳል። በውሃና በስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ለማግኔቱ የሚሰጠው ምላሽ በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ መርፌ ሳይገባ በጉበት ውስጥ የተጠራቀመውን ስብ መለካት ይቻላል። በዚህ ዘዴ በሕንድ ቬሎር ከተማ የተመረመሩ ከሲታ ወንዶች የስኳር ሕሙማን ውጤት በ2022 ታተመ። የሜሬዲት ሆኪንስና የኒሃል ቶማስ ቡድን እንዳሳየው፣ እነዚህ ሕሙማን ከሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን ይልቅ በሆድ ዕቃና በጉበት ውስጥ ያለው ስባቸው ያነሰ፣ ሰውነታቸውም ለኢንሱሊን የተሻለ ታዛዥ ነበር። ዋናው ችግራቸው ኢንሱሊን በበቂ አለማመንጨት ነው፤ ሆኖም ከአንደኛው ዓይነት ሕሙማን የበለጠ ያመነጫሉ። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም፣ ሥዕሉ የጎንደርን ከሲታ ገበሬ የሚያስታውስ ነው።

ከልደት ጀምሮ

ጎልማሳው ላይ የታየውን ከሕፃንነቱ ጋር ለማያያዝ ከልደት ጀምሮ መከታተል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ይህ የተጀመረው በጅማ ነው። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሕፃናትን በተወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኩ፤ የ350ዎቹ ውጤት በ2011 ታተመ። ሕፃኑ ለጥቂት ደቂቃ በሞቀ ዝግ ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ ከሚገፋው አየር የአካሉ መጠን ይታወቃል፤ ክብደቱ ለመጠኑ ሲካፈል ስቡና ከስብ ውጭ ያለው አካሉ ተለይቶ ይሰላል። ጨረር የለውም፤ ሕፃኑም ዝም እንዲል አይገደድም። በእነዚሁ ልጆች ክትትል በሁለት ዓመታቸው የተሻለ የቋንቋ ዕድገት የታየው ከስብ ውጭ ያለው አካላቸው በልደት ጊዜ የበለጠ በነበረው ላይ እንጂ ስባቸው በበዛው ላይ አልነበረም። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት አራሶች እኩል ጅምር የላቸውም ማለት ነው።

በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በዳባት ወረዳ በ1996 የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና መከታተያ ጣቢያም ልደትንና ሞትን በየቤቱ መመዝገብ እንደሚቻል ያሳየ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለው የረጅም ጊዜ ጥናት መሠረት ሊሆን የሚችል ነው።

ክርክሩና የባለሙያው ድርሻ

በሚያዝያ 2025 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በባንኮክ ባካሄደው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀበለ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። በዚያው ዓመት ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ በወጣ ጥናት፣ በወጣትነት በሽታው ከጀመራቸውና የአንደኛው ዓይነት ሕሙማን ከተባሉት 894 ሰዎች 65 በመቶው የሰውነት መከላከያ በቆሽት ላይ የመነሣቱ ምልክት አልተገኘባቸውም። የምክንያቱ ነገር ግን ገና በጥናት ላይ ነው።

ስያሜው እስኪጠራ ድረስ የጤና ባለሙያው እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። ከሲታውን ሕመምተኛ ለወፍራሙ በተዘጋጀው ምክር «ምግብ ቀንስ» ማለት ጉዳት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ሲጎድል የኢንሱሊኑን መጠን ከሚገኘው ምግብ ጋር ሳያመዛዝኑ መስጠት ለስኳር ማነስ አደጋ ያጋልጣል፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልገውን ሰው ከኢንሱሊን ማቋረጥም ለሞት ይዳርጋል። በሽታው የጀመረበትን ዕድሜ፣ ቁመትን፣ ክብደትንና የኑሮ ሁኔታን በመዝገብ ላይ በጥንቃቄ ማስፈር የምርምርም የሕክምናም ግዴታ ነው፤ የጎንደር ግኝት የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን ነፍሰ ጡሯን መመገብ፣ ጡት የምታጠባውን መደገፍና ልጁን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መከታተል ይገባል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአበው ብሂል ለቆሽትም ይሠራል። የማግኔት ምስል በሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ላይ የሚያሳየው ጉድለት፣ በእናቲቱ ማዕድና በጤና ኬላው ሚዛን ዘንድ ገና ሊቃና በሚችልበት ጊዜ የጀመረ ሊሆን ይችላል።