ሁለት የፋሲካ ደብዳቤዎች

በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ስም ሁለት ደብዳቤዎች ተጽፈዋል። ሁለቱም የወጡት በፋሲካ ነው፤ አንዱ በ1944፣ ሌላው በ1967። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የመጀመሪያው ጦርነቱን ይባርካል፤ ሁለተኛው ስለዚያ ቡራኬ ይቅርታ ይለምናል። በመካከላቸው ሃያ ሦስት ዓመት አለ። እኛም ብዕር ያነሣነው ስለዚህ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። «አጥፍተናል» የምትል አንዲት ቃል ከአፍ ለመውጣት ይህን ያህል ዘመን ለምን ፈጀባት?

ቤተ ክርስቲያኒቱ የጃፓን ናት፤ በአገሯ ሰዎች አጠራር ኪዮዳን ትባላለች። አመሠራረቷ ራሱ ነገር አለው። በ1939 የጃፓን መንግሥት የሃይማኖት ድርጅቶችን በሙሉ በቁጥጥሩ ሥር የሚያስገባ ሕግ አወጣ። በቻይና ላይ የከፈተው ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ሠላሳ ምናምን የፕሮቴስታንት ማኅበር አንድ በአንድ ከመከታተል አንድ አለቃ ጠርቶ ማዘዝ ይቀላል። ስለዚህ በጁን 1941 ከሠላሳ በላይ ማኅበራት ተጠቃለው ኪዮዳን ተባሉ። ከመካከላቸው አንድነቱን ከልባቸው ሲመኙት የኖሩ መኖራቸውን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አንገባም ያሉም ነበሩ፤ በተለይ ከአንግሊካኖቹ ብዙዎቹ።

የአዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ኃላፊ ፓስተር ሚትሱሩ ቶሚታ በጃንዋሪ 1942 ወደ ኢሴ ሄዱ። ኢሴ የንጉሠ ነገሥቱ ዘር የተገኘባት ናት የምትባለው የፀሐይ አምላክ፣ የአማተራሱ ቤተ መቅደስ ያለበት ነው። ፓስተሩ እዚያ ቆመው የቤተ ክርስቲያናቸውን መመሥረት ለአማተራሱ አስታወቁ። ይታያችሁ እንግዲህ! በየሰንበቱም ምእመናን ከጸሎታቸው በፊት ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ ዞረው እጅ ይነሡ ጀመር። ኋላ ደግሞ ለጦር አውሮፕላን መግዣ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን።

ቶሚታ ግን ይህን መንገድ የጀመሩት በኢሴ አይደለም። ወደ ኮሪያ መለስ ማለት አለብን። ለእኛ ኮሪያ ስትነሣ ትዝ የሚለን በ1951 የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ነው። ከዚያ በፊት ግን አገሪቱ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በ1930ዎቹም ገዢዎቹ ክርስቲያኑን ሕዝብ ለሺንቶ መቅደስ ስገድ ይሉት ጀመር። ኮሪያውያኑ «ይኼማ ጣዖት ማምለክ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ቶሚታ በ1938 ፒዮንግያንግ ድረስ ሄደው፣ ነገሩ ሃይማኖት አይደለም፣ የዜግነት ግዴታ ነው ብለው ሊያሳምኗቸው ሞከሩ። ፖሊሱ በዱላ ያላስገባውን ፓስተሩ በስብከት ሊያስገቡ ማለት ነው። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነን ይኼ ነው። ፖሊስን ሕዝቡ ያውቀዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የመጣን ወንድም ግን በምን ይመልሰዋል?

በሴፕቴምበር 1938 የኮሪያ ፕሬስቢቴሪያን ጉባኤ፣ ፖሊሶች በተወካዮቹ መካከል ተቀምጠው፣ ስግደቱን ተቀበለ። አልሰግድም ካሉት አንዱ የፒዮንግያንጉ ፓስተር ቹ ኪ ቾል ነበሩ። ደጋግመው ታሰሩ፤ በመጨረሻም በኤፕሪል 1944 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደብዳቤ የወጣው በዚያው የፋሲካ ሰሞን ነው። ኪዮዳን በምሥራቅ እስያ ላሉ ክርስቲያኖች የላከችው መልእክት ሲሆን፣ አጻጻፉ የሐዋርያው ጳውሎስን መልእክታት የተከተለ ነው። በሐዋርያ ቃና የጃፓንን ጦርነት ቅዱስ ያደርጋል፤ የእስያ ወንድሞችም በእንግሊዝና በአሜሪካ ላይ አብረው እንዲነሡ ይጠራል። ደብዳቤው ወንድሞች ሲል ቹ ኪ ቾልን ይጨምር ይሆን?

በቤቷም ውስጥ ቢሆን እስረኛ ነበራት። የሆሊነስ ወገን የሚባሉት ማኅበራት ክርስቶስ በዓለም ሁሉ ላይ ሊፈርድ ይመጣል ብለው አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። «በንጉሠ ነገሥቱም ላይ ይፈርዳል?» የሚለው የመርማሪዎች ጥያቄ መውጫ የለውም። ከጁን 1942 ጀምሮ ከመቶ በላይ ፓስተሮቻቸው ተያዙ፤ በእስሩ የሞቱም አሉ። ኪዮዳን አልጠየቀቻቸውም፤ ይባስ ብሎ ሥራቸውን እንዲለቁ ጠየቀቻቸው።

ጦርነቱ በ1945 አለቀ። የጀርመን ፕሮቴስታንቶች አገራቸው እጅ በሰጠች በአምስተኛው ወር፣ በኦክቶበር 1945፣ በሽቱትጋርት ተሰብስበው በሕዝባቸው ጥፋት ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው አመኑ። በዚያም መግለጫ አይሁድ በስማቸው አልተጠቀሱም፤ ቢሆንም አንድ ነገር ተብሏል። ጃፓን ውስጥ ግን ዝም ተባለ። ከተሞቹ ተቃጥለዋል፤ ሕዝቡ ተርቧል። የጦርነቱ ዘመን ሰዎችም ገና በመድረክ ላይ ነበሩ። በእኛ ግምት ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው፤ ኪዮዳን ስለ ጦርነቱ ልናገር ካለች የገዛ ልደቷን ማንሣት ነበረባት። የወለዳት እኮ ያው የጦርነት ሕግ ነው።

ዝምታው የተሰበረው በ1960ዎቹ ነው። አሜሪካ በኦኪናዋ የጦር ሠፈሯ እየተጠቀመች ቬትናምን ትወጋለች፤ በ1965 ጃፓንና ኮሪያ ታርቀው ውል ተፈራርመዋል። በ1966 ክረምት ለሥልጠና የተሰበሰቡ ወጣት ፓስተሮች «ቤተ ክርስቲያናችን ያለፈውን ሳትናገር ስለ ሰላም ምን አፍ አላት?» የሚል ጥያቄ አነሡ። ጉዳዩ በኦክቶበር ለጠቅላላ ጉባኤው ቀረበ፤ መግለጫውም በማርች 26 ቀን 1967፣ በፋሲካ ዕለት፣ በሊቀ መንበሩ በማሳሂሳ ሱዙኪ ስም ወጣ። ጦርነቱን በመደገፋችን፣ ለድሉም በመጸለያችን በድለናል ይላል። ዘብ ቆሞ ሕዝብን ማንቃት ሲገባት ቤተ ክርስቲያን ግዴታዋን እንዳልፈጸመች ይናገራል፤ የዓለምን፣ በተለይም የእስያን ሕዝቦችና አብያተ ክርስቲያናት ይቅርታ ይጠይቃል።

ጩኸቱ ወዲያው ተነሣ። ግማሹ «ጉባኤው በድምፅ ያላጸደቀውን በማን ስም ነው እኛ የሚሉት?» አለ። ይህ ተራ ሰበብ አይደለም፤ «እኛ» የሚል ሁሉ (ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ጭምር) ሊጠየቀው የሚገባ ነው። ሌላው ደግሞ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ሁሉ ዛሬ በአባቶቹ ላይ ሊፈርድ ተነሣ ብሎ ተቆጣ። ሱዙኪ ግን ሕፃን አልነበሩም፤ በጦርነቱ ዘመን ራሳቸው ፓስተር ነበሩ። «እኛ» ሲሉ ከውስጡ አልወጡም። መግለጫው ከወጣ በሁለት ዓመት፣ በ1969፣ ዐረፉ።

እኛ በመግለጫው ላይ የምናነሣው ቅሬታ ሌላ ነው። መንግሥት በሕግ የሠራውን ውሕደት የእግዚአብሔር ረቂቅ ጥበብ ያለበት አድርጎ ማየቱ፣ ለልደቷ ማካካሻ የፈለገላት ያስመስለዋል። ከዚያም በላይ፣ ፒዮንግያንግ በስሟ አልተጠራችም። ኢሴም አልተጠራም። የታሰሩት የሆሊነስ ፓስተሮችም የሉበትም። ከቤተ ክርስቲያናቸው ይቅርታ የተጠየቁት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ እስሩ ከተፈጸመ ከአርባ ዓመት በኋላ። ይቅርታውን የሰሙትም በአብዛኛው ልጆቻቸውና መበለቶቻቸው ነበሩ።