የስኳር ሕመምተኞች የልብ ሕመም ሥጋት ግምት

የስኳር ሕመምተኞች የልብ ሕመም ሥጋት ግምት፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሊደርስበት የሚችልበትን ዕድል በመቶኛ የማስላት ዘዴ ነው። አብዛኛው ስሌት የሚመለከተው የሚቀጥሉትን 10 ዓመታት ነው። ውጤቱ ስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ለማን እንደሚታዘዝና የደም ግፊት ምን ያህል ጠበቅ ተደርጎ እንደሚታከም ለመወሰን ያግዛል። የሚሰላው የልብና የደም ሥር ሕመም ገና ላልታየባቸው ሰዎች ነው፤ ሕመሙ የያዛቸው ሰዎች ያለ ስሌትም ከፍተኛ ሥጋት እንዳለባቸው ተቆጥረው ይታከማሉ።

የሥጋቱ ምክንያት

በደም ውስጥ ለረዥም ጊዜ ከፍ ብሎ የሚቆይ ስኳር የደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል፤ በተጎዳው ቦታ ስብ እየተከማቸ ሥሩ ይጠባል። የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል መዛባትና ከልክ ያለፈ ውፍረት ብዙውን ጊዜ አብረው ስለሚገኙ ጉዳቱ ይባባሳል። ስኳር ነርቮችንም ከጎዳ ልብ ደም ሲያጥረው የሚሰማው የደረት ሕመም ላይሰማ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና 102 ጥናቶችን ያጣመረ ትንታኔ፣ የስኳር ሕመም የልብ ደም ሥር ሕመምን ሥጋት በግምት በእጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል።

አመጣጥ

የሥጋት ስሌት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም ከተማ በ5,209 ነዋሪዎች ላይ የተጀመረው ጥናት ነው። ዊልያም ካኔልና ዳንኤል ማጊ እ.ኤ.አ. በ1979 ከዚሁ ጥናት በመነሣት የስኳር ሕመምና የልብ ሕመምን ዝምድና አሳትመዋል። ሆኖም ከፍራሚንግሃም የወጡት ስሌቶች የሚጠይቁት ሰውየው ስኳር «አለበት» ወይስ «የለበትም» የሚለውን ብቻ ነበር። ሕመሙ ስንት ዓመት እንደቆየና ምን ያህል እንደተቆጣጠሩት አይመዝኑም።

ይህን ክፍተት የሞላው ከብሪታንያው ዩኬፒዲኤስ ጥናት የተገኘው ስሌት ነው። ጥናቱ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም በቅርቡ የተገኘባቸውን 5,102 ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ መዝግቦ ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ስሌት የሕመሙን ዕድሜና ኤዋንሲ የሚባለውን የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራ አካትቷል።

የ«እኩል ሥጋት» ክርክር

በዘርፉ ብዙ ያከራከረው፣ ስኳር ያለበት ሰው ቀድሞ ሃርት አታክ ከደረሰበት ሰው ጋር እኩል ሥጋት አለበት የሚለው አባባል ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1998 ስቲቨን ሃፍነርና ባልደረቦቻቸው ስለ ፊንላንድ ነዋሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነው። በ7 ዓመት ክትትል፣ ስኳር ኖሮባቸው ቀድሞ ሃርት አታክ ካልደረሰባቸው ሰዎች 20.2 በመቶው ሃርት አታክ ደረሰባቸው። ስኳር ሳይኖርባቸው ቀድሞ ሃርት አታክ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ ሕመሙ የተደገመባቸው 18.8 በመቶ ነበሩ።

የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ብዙዎችን አሳመነ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ የኮሌስትሮል ሕክምና መመሪያ የስኳር ሕመምን ከልብ ሕመም ጋር በአንድ የሥጋት ደረጃ አስቀመጠው። በዚህ አመለካከት የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሥጋት ለይቶ ማስላት አስፈላጊ አልነበረም።

ተቃውሞው አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ2002 በስኮትላንድ ቴይሳይድ የተደረገ ጥናት ቀድሞ ሃርት አታክ የደረሰባቸው ሰዎች ሥጋት እንደሚበልጥ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣና 13 ጥናቶችን፣ በድምሩ 45,108 ሰዎችን ያካተተ ትንታኔ ደግሞ ስኳር ብቻ ያለባቸው ሰዎች ሥጋት በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን አመለከተ። ለልዩነቱ የሚቀርበው አንዱ ማብራሪያ የሕመሙ ዕድሜ ነው፤ ስኳሩ ከ10 ዓመት በላይ የቆየባቸው ሰዎች ሥጋት ወደ ፊንላንዱ ግኝት እንደሚጠጋ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ዛሬ በስፋት ተቀባይነት ያገኘው፣ የስኳር ሕመምተኞች ሥጋት ከሰው ሰው በእጅጉ ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ መሰላት አለበት የሚለው አቋም ነው።

በሥራ ላይ ያሉ ስሌቶች

ስኮር 2 ዳያቤቲስ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በአውሮፓ የወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 ለሆነ የዓይነት 2 ሕመምተኞች የተዘጋጀ ነው። ስኳሩ የተገኘበትን ዕድሜ፣ ኤዋንሲንና የኩላሊት ሥራን ያካትታል። 20 በመቶና ከዚያ በላይ እጅግ ከፍተኛ ሥጋት ነው።

ፕሪቬንት፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የልብ ማኅበር የወጣ፣ ከ30 እስከ 79 ዓመት ላሉ። ዘርን ከስሌቱ አስወጥቷል፤ የልብ ድካምንም ይገምታል።

ኪውሪስክ 3፦ የብሪታንያ ስሌት ነው። የዘር ምንጭን ስለሚጠይቅ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ጥቁር አፍሪካዊ» በሚለው ክፍል ይገባሉ።

ኢትዮጵያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለ21 የዓለም ክፍሎች የሥጋት ሠንጠረዦች ያዘጋጀ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የምትመደበው ከሰሃራ በታች ባለው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሠንጠረዡ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮልና የስኳር ሕመምን ይጠይቃል። ሁለተኛው የላቦራቶሪ ምርመራ ለማይገኝበት ቦታ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በኮሌስትሮልና በስኳር ፈንታ የክብደትና የቁመት ምጣኔን ይጠቀማል።

እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ሠንጠረዥ፣ በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ስኳር ቢኖርበትም ሁለቱ የሚያገኙት ውጤት አንድ ነው። የኮሌስትሮል ምርመራ በሌለው ጤና ጣቢያ የሚታይ የስኳር ሕመምተኛ ሥጋቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሊመስል ስለሚችል፣ ዝቅተኛው ቁጥር ሕክምና ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይገባም። የድርጅቱ የሕክምና መመሪያም ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የዓይነት 2 ሕመምተኞች ስታቲን እንዲሰጥ ይመክራል።

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም

ለስኳር ሕመምተኞች ብቻ የተዘጋጁት አብዛኞቹ ስሌቶች ለዓይነት 2 የተሠሩ ናቸው። ለዓይነት 1 የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ከዴንማርክ ስቴኖ ማዕከል የወጣው ነው።

የግምቱ ገደብና ጥቅም

በስሌቶቹ ውስጥ ትልቁን ክብደት የሚይዘው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ስኳር በወጣትነቱ የጀመረው ሰው የ10 ዓመት ሥጋቱ ዝቅ ብሎ ሲታይ የዕድሜ ልክ ሥጋቱ ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። በሽንት የሚወጣ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ሥጋትን ከፍ የሚያደርግ ምልክት ቢሆንም ሁሉም ስሌት አያካትተውም። ግምቱ ለመወሰን የሚያግዘው ሕክምና ግን የተረጋገጠ መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ካርድስ የተባለ ጥናት፣ የልብ ሕመም በሌለባቸው 2,838 የዓይነት 2 ሕመምተኞች ላይ አቶርቫስታቲን የተባለው ስታቲን በ10 ሚሊግራም መጠን ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ37 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሥጋቱ በጊዜ ከታወቀ አደጋው ሳይደርስ ሊወሰድ የሚችል እርምጃ አለ ማለት ነው።