ተጨማሪ ክሮሞዞሞችና የዘር ውርስ ሕግ፦ ከራይና ከበቆሎ ጥናት ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የመንደል ሕግ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እንደ ሒሳብ ስሌት ነው። ተማሪው «ሦስት ለአንድ» የሚለውን ንጽጽር ያጠናል፤ ንጽጽሩ ከምን እንደሚመነጭ ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የሕጉ መሠረት በሚዮሲስ ጊዜ የሚፈጸመው የክሮሞዞሞች መጣመርና መለያየት መሆኑን፣ ሕጉን በማይከተሉ ክሮሞዞሞች ታሪክ አማካይነት ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መንደል ጥናቱን በ1866 ሲያሳትም ክሮሞዞም የዘር ተሸካሚ መሆኑ ገና አልታወቀም ነበር። ይህን ግንኙነት ሳተንና ቦቬሪ በ1902 እና በ1903 አመለከቱ። ከአባትና ከእናት የመጡት አቻ ክሮሞዞሞች በሚዮሲስ ይጣመራሉ፤ ቀጥሎም ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ የተዋልዶ ሕዋስም ከየጥንዱ አንድ አንድ ይወስዳል። በመሆኑም የአንድ ዝርያ የክሮሞዞም ቁጥር ቋሚ እንደሚሆን ታመነ፤ ለራይ 14፣ ለበቆሎ 20።

ይሁን እንጂ ጎቶህ በ1924 በራይ፣ ሎንግሊም በ1927 በበቆሎ ከመደበኛው ቁጥር በላይ የሆኑ ክሮሞዞሞችን ገለጹ። ራንዶልፍ በ1928 መደበኞቹን «ኤ»፣ ተጨማሪዎቹን «ቢ» ብሎ ለያቸው። «ቢ» ክሮሞዞሞች ከ«ኤ» ጋር አይጣመሩም። ሁለት ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ሊጣመሩ ይችላሉ፤ አንድ ብቻውን የቀረ ግን አቻ ስለሌለው በሚዮሲስ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ተክሉ ያለ እነርሱ ደኅና ሆኖ ያድጋል፤ ሲበዙበት ደግሞ የማፍራት ኃይሉ ይቀንሳል። እንግዲህ ለተክሉ የማያስፈልግና በቀላሉ የሚጠፋ ነገር ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት ሊዘልቅ ቻለ?

መልሱ የተገኘው ከሚዮሲስ በኋላ ባለው ደረጃ ነው። ሃሴጋዋ በ1934 እንዳሳየው፣ በራይ የአበባ ብናኝ የመጀመሪያ ክፍፍል ጊዜ የ«ቢ» ሁለት ግማሾች ሳይለያዩ ወንዴ ዘር ወደሚሆነው ኑክሊየስ በአንድነት ያመራሉ። በበቆሎ ይህ የሚሆነው በሁለተኛው ክፍፍል ነው። ሮማን የ«ኤ» እና የ«ቢ» ክሮሞዞሞችን ክፋዮች በኤክስሬይ አማካይነት አለዋውጦ፣ ውርሳቸውን በፍሬው ላይ በሚታይ ምልክት ተከታተለ። በ1947 አንደኛው ወንዴ ዘር ሁለት «ቢ» ሲያገኝ ሌላው ባዶውን እንደሚቀር፣ በ1948 ደግሞ እንቁላሉን አዘውትሮ የሚያዳብረው «ቢ» የያዘው እንደሆነ አረጋገጠ። በዚህ መንገድ በሚዮሲስ የጠፋው በብናኝ ውስጥ ይተካል።

ጥናቱ ፍሬ ቢስ አልነበረም። ሮማን ያስገኛቸው የተለዋወጡ ክሮሞዞሞች የበቆሎ ጂኖች በየትኛው ክሮሞዞም ክንድ ላይ እንደሚገኙ ለመለየት አገለገሉ። የራይ «ቢ» ከመደበኞቹ ክሮሞዞሞች ክፋዮች የተገነባ መሆኑ በ2012 ታወቀ፤ የበቆሎውም ቅደም ተከተል በ2021 ታተመ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የመንደል ሕግ የሚጸናው አቻዎች ሲጣመሩና በእኩልነት ሲለያዩ መሆኑን ነው። «ቢ» ክሮሞዞም ሕጉን አላፈረሰም፤ ሕጉ የቆመበትን ሁኔታ ገለጠ። ስለሆነም መጻሕፍት በሚዘጋጁበት ጊዜ የሕዋስ ክፍፍል ከንጽጽሩ በፊት ቢቀርብ ይበጃል። መምህሩም ባቄላን በቀለም ጥንድ ጥንድ አድርጎ በጠረጴዛ ላይ ከለያየ በኋላ፣ አቻ የሌላትን አንዲት ፍሬ ጨምሮ «ይህችስ ወዴት ትሄዳለች?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪው መልሱን ሲፈልግ ንጽጽሩ ከየት እንደመጣ በራሱ ይደርስበታል።